ቁልቁለቱና ፍሬኑ፦ በወሎ መንገድ ብስክሌት በየወቅቱ ምን ይፈልጋል?

መስከረም ሲጠባ ደሴ ላይ በየዓመቱ የሚደገም ነገር አለ። ክረምቱን በረንዳ ላይ ላስቲክ ለብሶ የከረመ ብስክሌት ይወጣል፤ አቧራው በጨርቅ ይራገፋል፤ ጎማው ይነፋል፤ ከዚያ ባለቤቱ ተፈናጥጦ በሀረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይለቀዋል። አደይ ፈክቷል፣ የጦሳ ጉም ተገፏል፣ ማን ይታገሳል! ብስክሌቱ ግን ቆሞም ቢሆን አላረፈም። ካቴናውን ዝገት ሲበላው፣ የፍሬኑን ሽቦ እርጥበት ሲይዘው፣ ጎማው አየር አጥቶ አንድ ቦታ ላይ ሲተኛ ነው የከረመው።

እኔም ከእነዚህ ባለቤቶች አንዱ ነበርኩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሀረጎን ስወርድ የኋላ ፍሬኔ ሽቦ «ጧ» ብሎ ተበጠሰ። የፊቱ ይዞልኝ ተረፍኩ። ኮምቦልቻ ዛፍ ሥር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ሽቦውን አውጥተው አሳዩኝ፤ እጀታው ውስጥ ተደብቆ፣ ክር በክር ተበልቶ ያለቀ ነበር። «ልጄ፣ ጎማውንስ ነፋህ፤ ፍሬኑን ማን እንዲያይልህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአዲስ አበባው የኮሪደር ልማት ወዲህ የብስክሌት ነገር እንደገና በሰው አፍ ገብቷል። በእረፍት ቀን ለመዝናናት አስፋልት ላይ የሚወጣ ሰው ብዙ ይጠይቃል፦ ካቴናውን ምን ልቀባው፣ የፊቱን ፍሬን ልያዝ ወይስ የኋላውን፣ በክረምት ልንዳ ወይስ ልስቀለው። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው የተለመደ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ለሜዳ አገር የተዘጋጀ ነው። ወሎ ደግሞ ሜዳ አይደለም።

ወሎ ላይ ብስክሌት መንዳት ከሌላው ቦታ በምን ይለያል?

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ፍሬን የሚያዘው ለባጃጅና ለእግረኛ ነው። ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ አለቀ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ባቲ አለች፤ እሷ ደግሞ ወደ 1,500 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ ከደሴ ባቲ ድረስ የነዳ ሰው በአንድ ቀን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወረደ ማለት ነው። ጠዋት ጃኬት ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ይወጣና ቀትር ላይ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ሁለተኛው ልዩነት ዝናቡ ነው። አንዳንዱ የአገራችን ክፍል ክረምትን ብቻ ሲጠብቅ፣ ወሎ በልግም አላት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ፣ አንዳንዴም ግንቦትን ነክቶ፣ ቆራርጦ የሚዘንበው የበልግ ዝናብ ለገበሬው በረከት ነው፤ ለብስክሌተኛው ግን «በጋ ነው» ብሎ በተዘናጋበት ሰዓት የሚመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ብስክሌት በዓመት ሁለት ጊዜ ይረጥባል፣ ሁለት ጊዜ አቧራ ይጠጣል። ጭቃውና አቧራው ሲፈራረቁበት የትኛው ክፍል መቼ እንደሚጎዳ ማወቅ ከውድ መለዋወጫ በላይ ይጠቅማል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሚሠራው ምንድን ነው?

ፍሬን ፍጥነትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ነገሩን የሚያከብደው ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። ሰውየውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑና 600 ሜትር ቢወርዱ፣ በጉዞው ላይ የሚለቀቀው ጉልበት 500 ሺህ ጁል ያህል ነው። ጁል ማለት ጉልበትና ሙቀት የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ይህን ያህል ሙቀት ደሴ ላይ አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አንተክትኮ ለማፍላት ይበቃል። (እንደ ደሴ ባለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽሮው ቶሎ የማይበስለውም ለዚህ ነው።) ማለትም ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርድ ብስክሌተኛ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አንድ ትልቅ ጀበና እያፈላ ነው የሚወርደው። ጥያቄው ሙቀቱ የት ይገባል ነው።

ሁለት መሄጃ አለው። አንደኛው ነፋሱ ነው። ፊታችን ላይ የሚገፋን አየር ጉልበቱን ተቀብሎ ይበትነዋል፤ እኛን ምንም አያስከፍለንም። ሁለተኛው ፍሬኑ ነው። በጎማው ክብ ብረት፣ ማለትም በቸርኬው ላይ ተጣብቆ የሚይዝ የላስቲክ ፍሬን ከሆነ፣ ሙቀቱ በቀጥታ ቸርኬው ውስጥ ይገባል። ቸርኬው ላይ ደግሞ የተነፋ ጎማ ተቀምጧል።

ታዲያ ቀስ ብሎ፣ ፍሬኑን ሳይለቁ መውረድ አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም ከጥንቃቄ የመነጨ ስለሆነ ሰውን መውቀስ ይከብዳል። ፈሪ ጋላቢ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን ጨብጦ፣ በሰዓት 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ይወርዳል። ነፋስ ጉልበት የሚቀበለው ግን ሲፈጥኑ ነው። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ብንወስድ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ነፋሱ የሚሸከመው ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው፤ ሌላው ከሞላ ጎደል ሁሉም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በሰዓት 40 ሲኬድ ግን ነፋሱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ይወስዳል።

ይህ ማለት «ልቀቁት» ማለት አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 40 የሚሄድ ሰው ገና «ኧረ!» ብሎ እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ አንዲት ሰከንድ ብታልፍ 11 ሜትር ሄዷል። ሀረጎ ላይ ደግሞ ከመታጠፊያው ወዲያ ተሳቢ ይኑር በሬ አይታወቅም።

መላው መሃል መንገድ ላይ ነው። ቀጥ ያለው ላይ ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ ነፋሱ እንዲሠራ መተው፣ መታጠፊያ ሳይደረስ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን ማውረድና መልሶ መልቀቅ። አጭርና ጠንካራ አያያዝ፣ ከዚያ እረፍት። በእረፍቱ ቸርኬው ይቀዘቅዛል። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሀረጎን በከባድ ማርሽ የሚወርዱትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፍሬናቸውን ለቁም ነገር ያቆዩታል። ብስክሌት ግን ፔዳሉን ትተን ስንወርድ ማርሹ አይይዘንም። ያለን ነፋስና ፍሬን ብቻ ነው።

ድካም ከተሰማ ወይም እጅ ከዛለ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ መቆም ነውር የለውም። ሲቆሙ ግን ቸርኬውን በጣት መንካት አይገባም። እኔ ነክቼዋለሁ፤ ምጣድ ነው። የዲስክ ፍሬን ያለው ብስክሌት ሙቀቱን ከጎማው ስለሚያርቅ በዚህ በኩል ይሻላል፤ የዲስኩ ብረት ራሱ ግን ከቸርኬ የባሰ ያቃጥላል፣ የቅባት ጠብታ ከነካው ደግሞ መያዙን ይተዋል።

የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ሙሉውን እውነት ለማየት ሚኒባስ ውስጥ ቁሙ። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ይንጋጋል። ብስክሌት ላይም ክብደቱ እንዲሁ ወደ ፊተኛው ጎማ ይሄዳል። ፊተኛው ጎማ መሬቱን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፤ ኋለኛው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ሲያዝ መሽከርከሩን ያቆምና ይንሸራተታል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ብስክሌትን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው፤ በኋላው ብቻ የሚታመን ሰው ግማሽ ፍሬን ይዞ ነው የሚጓዘው።

የሚገለብጠው አያያዙ ነው። በድንጋጤ «ጭብጥ» ሲደረግ ጎማው ይቆማል፣ ሰውየው ግን ይቀጥላል። ጣቶቹ እርጥብ ልብስ እንደሚጨምቁ ቀስ በቀስ እየጠበቁ፣ መቀመጫው ወደ ኋላ ሸሸት እያለ፣ ክንዶቹ መሪውን ገፋ አድርገው ሲይዙ ግልበጣው ይቀራል። አሸዋ ወይም ጭቃ ላይ፣ ወይም ብስክሌቱ ለመታጠፍ ጋደል ባለበት ሰዓት ግን የፊቱን መያዝ ፊተኛውን ጎማ ያስከዳል፤ እዚያ ላይ የሚፈሩት ሰዎች ልክ ናቸው። ሌላም አለ፦ የፊቱን የሚይዘው የግራው እጀታ ይሁን የቀኙ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። የተዋሱትን ብስክሌት ቁልቁል ከመልቀቅ በፊት መሞከር ያስፈልጋል።

በዝናብ ጊዜ ምን ይለወጣል?

ከሁሉ አደገኛው ዝናብ የሐምሌው ዶፍ አይመስለኝም። የበልጉ የመጀመሪያ ካፊያ ነው። በጋውን ሙሉ ከአይሱዙና ከተሳቢ የተንጠባጠበ ናፍጣና ዘይት፣ ከጎማ የተፋቀ ላስቲክና አቧራ አስፋልቱ ላይ ተጋግሯል። ካፊያው ሲነካው ያ ሁሉ ይላቆጥና መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ መስመር የሚወጣው መንገድ የጭነት መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ይህ በደንብ ይታይበታል። ዶፍ ከዘነበ በኋላ መንገዱ ይታጠባል፤ ያን ጊዜ እርጥብ ቢሆንም ቢያንስ ንጹሕ ነው።

በእርጥብ ቸርኬ ላይ ያለ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው ብረቱን የሚያገኘው። እስከዚያ ጎማው ጥቂት ዙር ይዞራል፣ ብስክሌቱም እንዳልተያዘ ሆኖ ይሄዳል። መፍትሔው አስቀድሞ ለስለስ አድርጎ በመያዝ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ከዚያ በደንብ መያዝ ነው። የመንገድ ቀለም፣ የድልድይ መጋጠሚያ ብረትና ቅጠል የተኛበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይገባል። ኩሬ መስሎ የሚታየው ውሃ ሥር ደግሞ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል፤ ባለፈው ሳምንት አልነበረም ማለት ዛሬ የለም ማለት አይደለም። በክረምት ከተራራው ጥግ የተንከባለለ ድንጋይ አስፋልት መሃል ተቀምጦ ማግኘትም እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉሙን ሳልጠቅስ አላልፍም። የደሴ ጉም ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይም። ብስክሌተኛው ለሾፌሩ ሳይታይ ለራሱ ግን «እየታየሁ ነው» ብሎ ያስባል። ከኋላ ቀይ መብራት፣ ካልተገኘ ቢያንስ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ከሌለ፣ ጉሙ እስኪገለጥ አንድ ቡና መጠጣት ነው።

ስውሩ ጉዳት ግን ቸርኬው ላይ ነው። ጭቃ ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በፍሬኑ ላስቲክና በቸርኬው መካከል ሲገባ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ብረቱን ይሞርደዋል። በየቀኑ የሚሳል ቢላዋ ከዓመታት በኋላ እንደሚሳሳው ቸርኬውም ይሳሳል። ሲሳሳ ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ጎደጎድ ይላል። የሳሳ ቸርኬ የተነፋውን ጎማ ግፊት መቋቋም አቅቶት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ነው፣ ማለትም ቁልቁለት ላይ። ከጭቃ መንገድ እንደተመለሱ ቸርኬውንና የፍሬኑን ላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ላስቲኩ ላይ የተሰካች የድንጋይ ወይም የብረት ፍንካች ካለች በመርፌ ነቅሎ ማውጣት ነው።

ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውሃ ማሳጠብስ? ይቅር። የጎማውና የፔዳሉ መሽከርከሪያ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ በግራሶ ተሞልቶ የተከደነ ነው፤ የላቫጆ ውሃ ክዳኑን አልፎ ይገባና ግራሶውን ያበላሸዋል። ባልዲ፣ ጨርቅና ትንሽ ሳሙና ይበቃል። ታጥቦ ሲያልቅ መቀመጫው የተሰካበት ቱቦ ውስጥ ውሃ እንዳያቁር ብስክሌቱን ገልብጦ ማንጠፍጠፍ ጥሩ ነው።

ካቴናውን ምን ልቀባው?

በመጀመሪያ ካቴና ምን እንደሆነ እንግባባ። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ትንንሽ የበር ማጠፊያዎች ተያይዘው የተሠራ ሰንሰለት ነው። ዘይት የሚያስፈልገው ማጠፊያዎቹ ውስጥ፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ነው። ውጪው ላይ የተረፈው ዘይት ለካቴናው ብዙም አይጠቅመውም፤ ዋና ሥራው አቧራ መጥራት ነው። ዘይትና አቧራ ሲለወሱ ሞረድ ይሆናሉ። «እንዲበረታ» ተብሎ በዘይት የተነከረ ካቴና ሐርቡና ከሚሴ ቆላ አቧራ ውስጥ ሲገባ ራሱን ወፍጮ ላይ ጣደ ማለት ነው።

ስለዚህ በየማጠፊያው አንድ ጠብታ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ፣ ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ውጪውን ጥርግ አድርጎ ማጽዳት። በደረቁ ወቅት ቀጠን ያለ ዘይት፣ በክረምት ውሃ የማያጥበው ወፈር ያለ። የብስክሌት ዘይት ካልተገኘ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለበጋው ያገለግላል፤ ቶሎ ቶሎ መደገም ብቻ ይፈልጋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አይሆንም፤ ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝ ይዟል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፤ ሰንብቶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ናፍጣ ለማጠቢያ ይሠራል፤ ሳይደርቅ አዲስ ዘይት ከተጨመረበት ግን ያቀጥነዋል፣ ቸርኬውንና ፍሬኑን ከነካ ደግሞ ለሀረጎ ጉዞ አይበጅም።

ካቴና «ተለጠጠ» ሲባል ብረቱ አልተለጠጠም። ማጠፊያዎቹ ከውስጥ ስለተበሉ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ላላ፣ ሲደመር ረዘመ። የአናጢ ብረት ሜትር ያለው ሰው ቤቱ መለካት ይችላል። በአዲስ ካቴና ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 24 ጊዜ ሲቆጠር 304.8 ይመጣል። ያ ልኬት 307 ከደረሰ ካቴናው አብቅቷል። ዝም ከተባለ የረዘመው ካቴና የሚዞርባቸውን ጥርሶችም በራሱ ልክ ይበላቸዋል፣ ከዚያ አዲስ ካቴና ቢገዛም በተበላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። አንዱን በጊዜው አለመቀየር ሁለቱንም ያስገዛል።

እግረ መንገዴን፦ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጎሚስታ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃሉ ከጣሊያን ይምጣ እንጂ ግልቢያው የእኛ ሆኗል፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ካሰለፈቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ።

ጎማው ለምን ቀትር ላይ ይፈነዳል?

አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ጎማ ውስጥ ግን መስፊያ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ጠዋት ደሴ በ10 ዲግሪ ብርድ 6 ባር (ባር የአየር ግፊት መስፈሪያ ነው) የተነፋ ቀጭን ጎማ፣ ባቲ 35 ዲግሪ ላይ ሲደርስ 6.5 ባር ገደማ ይሆናል። ይህ ብቻውን ጤነኛ ጎማ አያፈነዳም። በላዩ ላይ የፍሬኑ ሙቀት ሲጨመር፣ ፀሐይ ላይ ማቆም ሲጨመር፣ ጎማው ጎኑ ላይ የተሰነጠቀ ሲሆን ግን ይፈነዳል። ጎማው ጎን ላይ ትልቁ ግፊት ተጽፏል። ከዚያ ዝቅ አድርጎ መንፋት፣ በዝናብ ወቅት ደግሞ ትንሽ ይበልጥ ማላላት መሬቱን የተሻለ ያስይዛል። «ድንጋይ እስኪመስል ንፋልኝ» የሚለው ልማድ ብስክሌቱን ያነጥረዋል እንጂ አያፈጥነውም።

የቆላው ሌላ ጣጣ እሾህ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ሲወረድ ግራሩ ይበዛል፣ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ማለት ራሱን ያስከፍላል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ ግመሉም ከብቱም አስፋልቱን ይሞላዋል፤ ያኔ ወደ ጠርዝ መውጣት ግድ ይሆናል። ጎማው ሲተነፍስ ብዙ ሰው የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ለጥፎ ይመልስና ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ መልሶ ይቆማል። እሾሁ የውጪው ጎማ ውስጥ እንደተሰካ ነዋ! ከመለጠፍ በፊት ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ የውጪውን ጎማ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ ላይ እሾሁ አለ። ማስቲሹም ተቀብቶ ወዲያው አይለጠፍም። በጣት ሲነካ እርጥብነቱ እስኪጠፋ ተጠብቆ ነው ልጣፊው የሚጫነው። ጎሚስታው ማስቲሹን ቀብቶ ወሬ የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ሰነፍ አይደለም።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜስ?

ምርጡ ጊዜ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ከደሴ በጢጣ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ሐይቅ መድረስ፣ ዓሣ በልቶ መመለስ ለጀማሪም የሚሆን የእሑድ ጉዞ ነው፤ መመለሻው ዳገት መሆኑ ብቻ አይረሳ። ጠዋቱ ግን ውርጭ ነው። ዳገት ላይ ላብ አጥልቆ ቁልቁል መልቀቅ እጅን ያደነዝዛል፣ የደነዘዘ እጅ ፍሬን መያዙን አያውቀውም። ጓንት ከሌለ ካልሲም ቢሆን እጅ ላይ ይጠለቃል፤ ደረት ላይ ደግሞ ጋዜጣ አጥፎ ከልብስ ሥር ማስገባት የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ ነው፤ አሁንም ይሠራል።

ከመውጣቴ በፊት ምን ልይ?

ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱን። ዛሬ እንዴት እንደዋለ ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ያውቃል፤ ለጸጥታውም፣ ለናዳውም እሱን መጠየቅ ነው።

ከዚያ ፍሬኑን። እጀታው ሲጨበጥ ከመሪው ጋር ከተጋጠመ ሽቦው መወጠር አለበት። እጀታውን ጨብጦ ሽቦው ከውስጥ የተያዘበትን ጫፍ ማየት፤ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከታየ ሽቦው ዛሬውኑ ይቀየራል፣ ነገ አይባልም። የእኔ ቁልቁለት ላይ የተበጠሰው ከዚያች ጫፍ ነው። የፊቱን ይዞ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት፣ የኋላውን ይዞ ወደ ኋላ መጎተት፤ ሁለቱም ጎማዎች መዞር የለባቸውም።

ጎማውን አንስቶ ማሽከርከር። ቸርኬው እየተወላገደ የፍሬኑን ላስቲክ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ የሚነካ ከሆነ ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር ከሚያያይዙት የጎማው ሽቦዎች አንዱ ላልቷል። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣት እየጨመቁ መዞር ነው፤ የላላው ራሱን ያሳውቃል። በመጨረሻ ብስክሌቱን ከመሬት አንድ ጣት አንስቶ መጣል። ኪሽ ኪሽ የሚል ነገር ካለ የላላ ብሎን አለ።

ወርጄ ዳገቱን መመለስ ካቃተኝስ?

ሚኒባስ አለ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ብስክሌቱን አይቶ «ሁለት ሰው ነው የምታስከፍለኝ» ይላል፤ በክርክር አንድ ሰው ተኩል ላይ ይደረሳል። ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጫን ካቴናውና ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ታች ከተኛ ደሴ ሲደርስ የማርሹ ክንድ ተጣሞ ይገኛል። ፊተኛውን ጎማ መፍታት ቦታ ያቃልላል፣ የተፈታውን ግን በእጅ ይዞ መግባት ነው። እኔ አንዴ ላይ አስቀምጬው፣ ከላዩ ላይ የአንድ በግ ነጋዴ በጎች ተጭነውበት አግኝቼዋለሁ።